«አልመጣም» ያለችው ማን ናት?

ከዲጃ የባሏ ደብዳቤ ሲነበብላት ጆሮዋን ብቻ አልነበረም የምትሰጠው። ዓይኗም ከአንባቢው ፊት አይነቀልም። አንባቢው ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም አብዱልፈታህ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከአውራ ጎዳናው ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራቸው ፊደል ከቆጠሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ስለነበረ፣ የሰፈሩ ደብዳቤ ግማሹ በእጁ ያልፋል። መነጽሩን በሽርጡ ጫፍ ይወለውላል፣ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ዘንበል ያደርጋል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል። ከዲጃን የከነከናት ነገር አንድ ነበር። ወረቀቱ ከፊትም ከጀርባም ጥቅጥቅ ብሎ ተጽፎበታል፤ ንባቡ ግን ቶሎ ያልቃል።

«ይኸው ነው ጋሼ? አለቀ?» ትለዋለች።

«ምን ይጨመርልሽ ታዲያ? ወረቀቱን የፈጀው ሰላምታው ነው።»

ሰላምታ። ጀይላን በቃሉ ሰላምታ የሚያበዛ ሰው አልነበረም። ሲመጣ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ፣ ሲሄድ ዝም ብሎ የሚወጣ ባል እንዴት አሰብ ሲወርድ ሰላምታ አበዛ?

ጀይላን ወደ አሰብ የሄደው በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ የግሪሳ ወፍ ማሽላውን ቆሞ እያየው ጨረሰበት። በሦስተኛው ዓመት ወንጭፉን ጣለና «ወደቡ ላይ ጫኝና አውራጅ ይፈልጋሉ አሉ፤ ስድስት ወር ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ በጭነት መኪና ተሳፈረ። ስድስቱ ወር ሦስት ዓመት ሆነ። ከዲጃ ጡት ካልጣለች ልጇ ከመሊካና ከባሏ እናት ከእማ ሙሀባ ጋር ቀረች። እማ ሙሀባ ወገባቸው ተይዞ ያለ ሰው እርዳታ አይነሱም። ለውዱእ ውሃ የምታቀርብላቸው፣ እግራቸውን የምታጥብላቸው፣ ጀርባቸውን ደግፋ ለሶላት የምታስቀምጣቸው ከዲጃ ናት። በተረፈው ጊዜዋ በሮቢ ወንዝ ዳር ያሉትን ፓፓያዎች ታጠጣለች፤ የደረሰውን እየለቀመች አውራ ጎዳናው ዳር ለመኪናዎች ትሸጣለች።

በየሁለት በየሦስት ወሩ የሚመጣው ደብዳቤ አብዱልፈታህ እንዳነበበው ከሆነ ሁልጊዜ አንድ ነው። አሰብ እሳት ናት። ለሰው አትሆንም። እናቴን አደራ። እዚያው በርቱ፤ ሲመቸኝ እመጣለሁ።

ከዲጃ ይህን እየሰማች ወደ ቤቷ ስትመለስ በሆዷ ሌላ ነገር ትፈትል ነበር። ሚስቱን አንድ ቀን እንኳ «ነይ» የማይል ባል እዚያ የያዘችው ሴት ብትኖር ነው። እንዲያውም ያችን ሴት በሐሳቧ ቁመቷን ለክታ፣ መልኳን አሳምራ፣ የወርቅ ጥርስ ሳይቀር አስገብታላት ነበር። ፓፓያ ስትለቅም ትሰድባታለች። አንዳንዴ ደግሞ የሌለችን ሴት መስደቧ ያሳፍራትና ዙሪያዋን ትገላመጣለች።

አንድ ቀን ጠዋት ተክሌ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር መንገድ ዳር ከምትሸጥበት ጥላ ሥር ቆመ። ተክሌ ከአዲስ አበባ አሰብ የሚመላለስ ሰው ነው፤ ሲወርድም ሲመለስም ፓፓያ ይገዛታል። ያን ቀን ግን ፓፓያውን በእጁ እያገላበጠ ቆየ።

«እኔ የምልሽ ከዲጃ» አላት፤ «ምን አድርጎሽ ነው ሰውዬውን እንዲህ የምታንገላቺው?»

«የቱን ሰውዬ?»

«ጀይላንን ነዋ! ክፍል ተከራይቶ፣ አልጋ አሠርቶ ዓመቱ። ‹ሚስቴ አልመጣም አለችኝ› እያለ ባየሁት ቁጥር ያለቅስብኛል። ሰው እንዲህ ይጨክናል?»

«ማን ነው አልመጣም ያለው?»

«አንቺ ነሻ!»

ከዲጃ ፓፓያውን ተቀብላ ጠቀለለችለትና ወደ ሌላ መኪና ዞረች። ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ነው? በባልና በሚስት መካከል ሾፌር ምን ጥልቅ አደረገው?

ከሰዓት በኋላ ወደ አብዱልፈታህ ቤት ሄዳ የሰማችውን ነገረችው። አብዱልፈታህ ሳቀ።

«የሾፌር ወሬ ይዘሽ ነው በዚህ ፀሐይ የመጣሽው?»

«ክፍል ተከራይቷል ነው የሚለኝ ጋሼ።»

«ሾፌር በየደረሰበት ከተማ ጎጆ አለው፤ ሰው ሁሉ እንደሱ ይመስለዋል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሴትን ልጅ ከቤቷ ነቅሎ መኪናው ላይ ማውጣት የሚፈልግ ወንድ መጀመሪያ ምን ይላል መሰለሽ? ‹ባልሽ ናፍቆሻል› ነው የሚላት። ተጠንቀቂ።»

ይህ አነጋገር ከዲጃ ልብ ውስጥ ገባ። ለሁለት ወር ያህል የተክሌ መኪና ጥሩምባ ከሩቅ ሲሰማ ቅርጫቷን አንስታ ከሙዝ ተራው ኋላ ትደበቅ ጀመር። ሆኖም አንድ ነገር አልወጣላት አለ። አብዱልፈታህ ስለ ሾፌሩ ሲያወራ መነጽሩን አውልቆ ነበር። ዓይኑ ግን እሷ ላይ አላረፈም፤ ግድግዳው ላይ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቀበሌው የመሠረተ ትምህርት መመዝገቢያ ከፈተ። ከዲጃ መጀመሪያ አልሄደችም። ስም የሚመዘግብ ሰው ደህና ነገር ይዞ ሲመጣ አይታ አታውቅም። አንዴ ለስብሰባ፣ አንዴ ለመዋጮ፣ አንዴ ለዘመቻ ነው። ያልተማረ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም የሚል ወሬ ሲናፈስ ግን ጎረቤቶቿ ተጠራርተው ሲሄዱ እሷም መሊካን አዝላ ከኋላ ተከተለች። የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ለበሩ ቅርብ የሆነው ላይ ተቀመጠች።

አስተማሪዋ ስንታየሁ የምትባል የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። የቆላው ሙቀት አልቻላትም። እርጥብ ሻሽ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጠመኔውን በላብ በራሰ እጇ ይዛ፣ «እኔ ልሞትባችሁ ነው እናንተ ግን ፊደሉን ሳታውቁ እንዳትቀብሩኝ!» እያለች ሴቶቹን ታስቃቸዋለች። ከዲጃ አትስቅም። ከሰሌዳው ዓይኗን አትነቅልም። ከተማሪዎቹ ሁሉ ቀድማ የራሷንና የልጇን ስም የጻፈች፣ ከዚያም ሳትጠየቅ «ጀይላን» የሚለውን ያጠናችው እሷ ነበረች።

ስንታየሁ አንድ ቀን «እትዬ ከዲጃ፣ የቸኮሉት ምን ሊያነቡ ነው?» አለቻት።

«የጤና ጣቢያውን ወረቀት» አለች ከዲጃ። ለአስተማሪዋም ቢሆን እውነቱን አልሰጠችም።

አብዱልፈታህ እንደምትማር ያውቃል፤ ግን ቁም ነገር ብሎ አልያዘውም። «ለፊርማ ያህል ይበቃታል» ይላል ለሚስቱ ለፋዲላ። ከዲጃም እንዲያ እንዲያስብ ተወችው። እሱ ፊት ወረቀት ስታይ ሆን ብላ ዘቅዝቃ ትይዛለች።

ክረምቱ አልፎ መስከረም 1974 ሲገባ የጀይላን ደብዳቤ መጣ። እንደ ወትሮው ከፖስታ ቤት ተቀብላ ወደ አብዱልፈታህ ቤት አልሄደችም። ወደ ወንዙ ወረደች። ፓፓያዎቹ መካከል ተቀምጣ ፖስታውን በጥንቃቄ ከፈተችና ጣቷን ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር እየጎተተች ጀመረች። አንዱን ቃል ይዛ ሌላው ይጠፋባታል። እንደገና ትመለሳለች። ፀሐይዋ ከራሷ በላይ ወጥታ፣ ዘንበል ብላ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ፓፓያ እስኪለሰልስ ድረስ እዚያው ነበረች። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ከዲጃ ይኸ አምስተኛዬ ነው። ነይ ባልኩሽ ቁጥር አልመጣም አልሽ። ክፍሉ ባዶውን ነው። መሊካ መልኬን ሳታውቀው ልታድግ ነው። ከእንግዲህ አልለምንሽም። ካልፈለግሽኝ ቁርጡን ንገሪኝና ልወቀው።»

አምስተኛዬ። ይቺን ቃል ሦስት ጊዜ አነበበቻት።

ወዲያው ተነስታ አልጮኸችም። ከዲጃ እንደዚያ አይደለችም። ፖስታውን በምራቋ አርጥባ መልሳ አጣበቀችው፤ ማታውኑ ከመግሪብ በፊት አብዱልፈታህ ዘንድ ወስዳ በሁለት እጇ ሰጠችው።

«መጣ ጋሼ። ያንብቡልኝ።»

አብዱልፈታህ መነጽሩን ወለወለ። ወረቀቱን ወደ በሩ አዘነበለ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዲጃ መጀመሪያ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ሲወርድ አየች፤ ከዚያ ደግሞ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ።

«ሁላችሁም እንደምን ሰነበታችሁ፤ እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዘንድሮ ሙቀቱ ብሷል። የእናቴን ነገር አደራ። እዚያው በርቱ።» አጠፈው።

«ሌላ የለውም?»

«ሌላማ ሰላምታ ነው።»

ከዲጃ የታጠፈውን ወረቀት ተቀብላ ጉያዋ ከተተችው። «እንግዲያስ መልስ ይጻፉልኝ። ‹እኔና መሊካ ወደ አንተ ልንመጣ አስበናል፤ ምን ትላለህ?› ብለው።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆመ። «ምን አስበሽ ነው?»

«እንዲሁ። ልጠይቀው ብዬ።»

«እሺ» አለ አብዱልፈታህ። ጻፈ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው የብዕር ቀለም አውራ ጣቷ ላይ ቀብቶ ግርጌው ላይ አስደገፋት። ከዲጃ በየደብዳቤው ሥር አሻራዋን ስታሳርፍ ኖራለች። ያን ቀን ግን ጣቷ ከበዳት። «ነገ ገበያ ስወጣ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ» ብላ ተቀበለችው። እሱም የሚጠረጥርበት ምክንያት ስላልነበረው ሰጣት።

ጠዋት በወንዙ ዳር ከፈተችው። የአብዱልፈታህ ጽሕፈት ከጀይላን ይልቅ ግልጽ ስለሆነ አላስቸገራትም።

«እናትህን ጥዬ የትም አልሄድም። አሰብ የሚባል አገር ዳግመኛ እንዳታነሳብኝ።»

ከሥሩ የራሷ አውራ ጣት።

ያን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልወሰደችውም። ቤቷ ገብታ ከቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ የሦስት ዓመቱን ደብዳቤዎች አወጣች። ማንበቡ ሦስት ቀን ፈጀባት። ያልገቧትን ቃላት ብቻ በእጇ መዳፍ ላይ ገልብጣ ለስንታየሁ እያሳየች ትጠይቃለች፤ ሙሉውን ግን ለማንም አላሳየችም። በመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ነይ የሚል አልነበረም። ከሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ወዲህ ግን በየደብዳቤው ነበረ። «ክፍል አገኘሁ። በእንጨት የተሠራ ነው፤ ለባሕሩ ይቀርባል።» «ማታ ሰው ሁሉ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ነው የሚተኛው፤ ትስቂያለሽ።» «እናቴን ወንድሜ ይያዝልኝ፤ ወይም አብራችሁ ኑ።» አብራችሁ ኑ! ያንን ስታነብ ነው እንባዋ የመጣው።

ከዚያ በኋላ ያስጨነቃት ጥያቄ ሌላ ነበር። እሷ እስከ ዛሬ ያልሰማችውን አሁን አወቀች። ጀይላን ግን በሷ ስም ምን ምን ሲሰማ ኖረ? ዓመት ሙሉ «አልመጣም» ሲባል የኖረ ወንድ በመጨረሻ ምን ያደርጋል?

መልስ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀባት። የጻፈችው ስድስት መስመር ነው። «ጀይላን እኔ ከዲጃ ነኝ። በእጄ ነው የጻፍኩት። ነይ ማለትህን ያወቅሁት አሁን ነው። አልመጣም ያልኩህ እኔ አይደለሁም።» ፖስታ ቤቱን አላመነችም፤ አብዱልፈታህ እዚያ የሚያውቀው ሰው አለ። የቀረው ተክሌ ነበር። እሱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላመነችውም። ስለዚህ ደብዳቤውን በጨርቅ ጠቅልላ ዙሪያውን በመርፌ ሰፋችው።

ተክሌ ጨርቁን በእጁ መዘነው። «ሁለት ወር ሙሉ ስትሸሺኝ ከርመሽ ዛሬ መልእክተኛሽ አደረግሽኝ?»

«ስፌቱ ተፈቶ ቢደርስ አውቃለሁ» አለችው።

«እሱማ ታውቂያለሽ» ብሎ ሳቀና ኪሱ ከተተው።

ተክሌ ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሱን ይዞ መጣ። ከዲጃ መንገድ ዳር ቆማ ከፈተችው። አጀማመሩ እንዲህ ነበር፦ «ይህን ደብዳቤ ለጻፍከው ሰው። ማን እንደሆንክ አላውቅም። ባለቤቴ ፊደል አትለይም። በሰው ትዳር ምን አገባህ?» ወረድ ብሎ ደግሞ፦ «እውነት ከዲጃ ከሆንሽ ግን ከአሊዩ አምባ ስናመጣሽ በመንገድ ምን እንደገጠመኝ ጻፊልኝ። ካንቺና ከኔ በቀር ያየ የለም።»

ከዲጃ መንገዱ ዳር ቆማ በሳቅ ፈረሰች። ተክሌ አብዳለች ብሎ አያት። በሰርጋቸው ቀን ሚዜዎቹ በቅሎዎቹን ይዘው ቀድመው ነበር። ጀይላን ለሙሽራዋ ውሃ ልቅዳ ብሎ ወደ ጅረቱ ሲወርድ አፋፉ ተናደበትና እስከ አንገቱ ገባ፤ አዲሱን ኮፍያውን ውሃው ወሰደው። ለሚዜዎቹ «ነፋስ ነው የወሰደብኝ» ብሎ ዋሻቸው። ልብሱ እየተንጠባጠበ ነፋስ ያለ እሱ ነው! ከዲጃ በመሸፈኛዋ ሥር ስትስቅ ሰምቷት ነበርና ለወር ያህል አኩርፏታል። ይህንኑ ጻፈችለት። የመጣው መልስ አንድ መስመር ብቻ ነበር። «አንቺ ነሽ። ነይ።»

አሁን የቀረው መወሰን ነበር፤ እሱም እንደታሰበው ቀላል አልሆነም። የጀይላንን ነይ ማለት ስትመኝ ኖራ፣ ሲመጣ ደግሞ እሱንም ጠረጠረችው። ሦስት ዓመት ብቻውን የኖረ ወንድ! ተክሌን በቀጥታ ጠየቀችው።

«ሴት አለው?»

ተክሌ ጥቂት አሰበ። «በማርያም፣ እኔ አላውቅም። ማታ የት እንደሚያድር አልጠበቅሁትም። ቤቱ ገብቼ ያየሁት አንድ አልጋና አንድ ሳጥን ነው። ሴት ያለችበት ቤት እንደዚያ አይቆሽሽም።»

«የለውም፣ እምላለሁ» ቢላት ኖሮ አታምነውም ነበር። አላውቅም ስላላት አመነችው።

በሚቀጥለው አርብ፣ ወንዶቹ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ አብዱልፈታህ እናቱን ሊጠይቅ መጣ። ከዲጃ የቆርቆሮ ሳጥኑን አምጥታ መሀል ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እሱ መጨረሻ ያነበበላትን የጀይላን ደብዳቤ ከፍታ፣ እየተንተባተበችም ቢሆን፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ቀጥላ እሱ የጻፈውን አነበበች። ሲያልቅ አብዱልፈታህ መነጽሩን አወለቀ።

«አልመጣም ያለችው ማን ናት?» አለችው። አንቱታውን ከመሀል ጥላው ነበር። «ንገረኝ እንጂ! በኔ ጣት የማለው ማን ነው?»

«ከዲጃ፣ ስሚኝ። አንቺ ብትሄጂ እናቴን ማን ያነሳታል? ፋዲላ አምስት ልጅ...»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ተዪው» አሉ እማ ሙሀባ ከአልጋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። «እሱን ተዪው። እኔ ነኝ።»

ከዲጃ ዞረች።

«ነይ የሚለው የመጀመሪያው ሲመጣ አንቺ ገበያ ነበርሽ። እሱ ከፖስታ ቤት አምጥቶ ለኔ አነበበልኝ። ‹ይቺን ዝለላት› አልኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያልኩት። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣ። እኔም ዝም አልኩ።» ድምፃቸው አነሰ። «ሌላ ሰው እግሬን ሲያጥበኝ ታየኝና ፈራሁ።»

ከዲጃ ወጥታ ሄደች። ወንዝ ወርዳ ባልዲ ሙሉ ውሃ እየቀዳች ፓፓያዎቹን አጠጣች፤ ትናንት የጠጡትንም ደገመቻቸው። የሚያንገበግባት መዋሸታቸው ብቻ አልነበረም። ቢጠይቋት ኖሮ ምናልባት «እሺ፣ እቆያለሁ» ትል ነበር። እኒያን እግሮች በፍቅር ነበር የምታጥበው። የሰጠችውን ነገር እንደተሰረቀች ሆና ቀረች። ሌላም ጥያቄ መጣባት፤ አሁን ልሄድ የተነሳሁት ጀይላንን ፈልጌ ነው ወይስ እነዚህን ለመቅጣት? ራሷንም ጠረጠረች።

ለሁለት ሳምንት አልወሰነችም። ለእማ ሙሀባ እንደ ወትሮው ውሃ ታቀርባለች፤ ግን አታወራቸውም። መፍትሔ ያመጣችው ያልተጠበቀችው ፋዲላ ናት። የተደረገውን ስትሰማ ሻሿን ጣል አድርጋ መጣችና «ማን ነው እኔ አልችልም ያላቸው? አምስት ያሳደግኩ ሴት አንድ አሮጊት አቃታት ብለው ያሙኛል?» ብላ ግቢው ውስጥ ተቆጣች። ባሏን ለአንድ ወር አላናገረችውም ይባላል።

ከዲጃ በመጨረሻ ሐሳቧን ቆረጠች። እሄዳለሁ አለች፤ ግን በራሷ መንገድ። አብዱልፈታህን አስቀምጣ ለጀይላን የሆነውን ሁሉ በእጁ አስጻፈችው፤ እያንዳንዱን መስመር ካነበበች በኋላ ነው ፖስታው የታሸገው። እማ ሙሀባን «አብረውኝ ይሂዱ፤ ልጅዎም ብሏል» አለቻቸው። እሳቸው ግን «እኔ አጥንቴን ይዤ የትም አልሄድም፤ ይፋት ነው የምቀበረው» አሉና ወደ ፋዲላ ቤት ተዛወሩ። ፓፓያዎቹን ለፋዲላ ሰጠቻት። የቤት ዕቃዋን ግን አልሸጠችም፤ ጎረቤት አስቀመጠችው። «ካልሆነልኝ በዚያው መኪና ነው የምመለሰው» ትላለች ለሚጠይቃት ሁሉ።

ከቀበሌው መሸኛ ልታወጣ ስትሄድ ጸሐፊው ወረቀቱን ጽፎ የቀለም ዕቃውን አቀረበላት። ገፋ አደረገችውና ብዕር ጠየቀችው። ከማኅተሙ ጎን ስሟን ስትጽፍ ጸሐፊው ተደግፎ ጠበቃት። መሸኛውንም እዚያው ቆማ አንብባ ነው የወጣችው፤ የልጇ ዕድሜ በአንድ ዓመት ተሳስቶ ስላገኘችው አስተካከለችው።

የሄደችው በኅዳር ነው። ተክሌ ጋቢና ውስጥ እሷንና መሊካን አስቀመጠ። ከመነሳቷ በፊት ፋዲላ ቤት ገብታ እማ ሙሀባን ተሰናበተች። አሮጊቷ እጇን ያዙና «አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ» አሏት። ከዲጃ እጃቸውን ሳመች። አፉ አልኩ ግን አላለችም።

ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ። ከሚሌ ወዲያ መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ሆነ፤ ሰማዩም መሬቱም አንድ ላይ የሚነድ መሰለ። «ሸዋ ሮቢት ሞቃት ነው ስል የኖርኩት ምን ነክቶኝ ነው?» አለች ለተክሌ። በሦስተኛው ቀን አሰብ ገቡ።

ጀይላን መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሞ ነበር። ከስቷል፤ ጠቁሯል። መሊካን ሊያቅፍ ሲል ልጅቱ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። እሱም አልገፋፋትም፤ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ከዲጃ ክፍሉ እንደገባች ከመቀመጧ በፊት አልጋው ሥር አየች፣ ከበሩ ኋላ አየች፣ ሳጥኑን ከፈተች። ከሳጥኑ ውስጥ የሴት ማበጠሪያ አገኘች። አንስታ አሳየችው።

«የማን ነው?»

«ያንቺ። ባለፈው ዓመት ነው የገዛሁት።»

ማበጠሪያውን ወደ መስኮቱ ወስዳ በጥርሶቹ መካከል ፀጉር መኖር አለመኖሩን አንድ በአንድ መረመረች። ጀይላን ከኋላዋ ሲስቅ ሰማችው። ፀጉር አልነበረበትም። እንዲያም ሆኖ ለሳምንት ያህል አልተጠቀመችበትም።

አሰብን ለመደቻት። ሁለት ልጆች ጨመረች፤ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ኖረችበት። በ1983 ጦርነቱ ሲደርስ የያዙትን ብቻ ይዘው ተመልሰዋል፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ሸዋ ሮቢት መጥታ ነበር። በ1976 መጋቢት ፋዲላ «እማ ደክመዋል፤ ስምሽን ያነሳሉ» ብላ አስጻፈችላት። ደብዳቤው በደረሳት በነጋታው ተሳፈረች።

እማ ሙሀባ የፋዲላ ቤት ጓዳ ውስጥ ተኝተዋል። ንጹሕ ናቸው፤ እግራቸውም ታጥቧል። ያንን አየችና ልቧ ትንሽ ረጋ አለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

«ማን ነው?» አሉ።

«ከዲጃ ነኝ እማ። አፉ ልልዎት ነው የመጣሁት። አፉ ብያለሁ።»

ዓይናቸው ተከድኗል። ከዲጃ አልሰሙኝም ብላ ጎንበስ አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ እማ ሙሀባ።

«አፉ ብያለሁ አልኩ።»

«ጮክ በይ፤ ጆሮዬ ደክሟል።»

ከዲጃ በበሩ የቆመችውን ፋዲላን ቀና ብላ አየቻት። ፋዲላ ራሷን ነቀነቀች፤ ጆሯቸው እንኳን ያን ያህል አልደከመም የምትል ትመስል ነበር። ከዲጃ ፈገግ አለችና ሦስተኛ ጊዜ፣ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ደገመችው።